ጥላው ወደ ወፍጮ ቤቱ ነው

እኛ የአርትስ ተማሪዎች ስለ ሰማይ ስንጽፍ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንደሚሥቁብን አስቀድመን እናውቃለን። ይሣቁ፤ መብታቸው ነው። በዚህች መጽሔት እስካሁን ያወጣነው ስለ ቅኔ፣ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የመዝጊያ ሰዓት ነበር፤ ስለ ፀሐይና ስለ ፕላኔቶች ጻፉ ብሎ የለመነን ሰው የለም። ይሁን እንጂ ባለፈው ግንቦት በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ በድለናል። በደሉን የፈጸምነው በአርባ ልጆች ፊት ስለሆነ፣ ይቅርታውንም ከዚያ ባላነሰ ሰው ፊት መናገሩ ተገቢ መስሎ ታየን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ የአምስተኛ ክፍል ልጆችን በነፃ ለማስጠናት ተስማምተን ነበር። ሐሳባችን አማርኛና ታሪክ ለማስተማር ነው። ርእሰ መምህሩ በትሕትና አመስግነው ካስቀመጡን በኋላ፣ «የአማርኛ መምህር አለን፤ የታሪክም አለን፤ የቸገረን ሳይንስ ነው። ስለ ፀሐይና ስለ ፕላኔቶች የሚናገረው ምዕራፍ ሳይነካ ዓመቱ ሊያልቅብን ነው» አሉን። እምቢ ማለት ይቻል ነበር። ግን ሦስታችንም ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ምድር፣ ማርስ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስ፣ ኔፕቲዩን እያልን ስምንቱን በቅደም ተከተል በአንድ ትንፋሽ እንጠራለን፤ ይህን የቻለ ሰው ሰማይን የማያውቅ መሆኑ እንዴት ይታየዋል? እሺ አልን። እርሳቸውም ከቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ያረጀ መጽሐፍ አውጥተው አስፈርመው ሰጡን። መጽሐፉ በአማርኛ ነው፤ ከባሕር ማዶ ቋንቋ የተመለሰ መሆኑ ግን ከሥዕሎቹ ያስታውቃል። በሥዕሎቹ ላይ ያሉት ልጆች ሁሉ የሱፍ ቆብ ደፍተው በረዶ ይወራወራሉ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በድል ተፈጸመ ለማለት ይቻላል። በክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ዘጠኝ ፕላኔቶች ያሉበት ስለሆነ ገና ከመግባታችን ክርክር ተነሣ። ፕሉቶ ከፕላኔቶች ማኅበር ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በፕራግ ከተማ የተሰበሰቡት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት፣ በራሱ ምሕዋር አካባቢ ያለውን ስብርባሪ ያላጸዳ አካል ፕላኔት አይባልም ብለው «ድንክ ፕላኔት» ከሚባሉት ጋር መድበውታል። ይህን ስናስረዳ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «በስብሰባ ነው የቀነሱት?» ሲል ጠየቀ። አዎ፣ በድምፅ ብልጫ ነው አልነው። «እሱ ግን እዚያው አለ?» አለ። አለ፤ የተለወጠው ስሙ ነው። ይህ ልጅ ወደፊት ሕግ ሳያጠና አይቀርም።

ከዚያ ወደ መጠንና ወደ ርቀት ገባን። ፀሐይ በስፋቷ ከምድር 109 ጊዜ ያህል ትበልጣለች፤ ከእኛ እስከ እርሷ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጽሐፉ ይህን ብሎ ያልፋል። እንኳን ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ለእኛም ቢሆን ሚሊዮን ማለት በዜና ላይ በጀት ሲነበብ የሚሰማ ድምፅ እንጂ በዐይን የሚታይ ነገር አይደለም። ስለዚህ ዐርብ ማታ ቁጭ ብለን አስልተን ነበር። (ስሌቱን አንድ የኢንጂነሪንግ ጎረቤታችን ሁለት ጊዜ እንዳረመልን አንደብቅም።) የእንጀራ ምጣድ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ፀሐይ ያንን ብታህል ምድር አምስት ሚሊ ሜትር ተኩል ትሆናለች፤ እርሷም አንዲት ፍሬ አተር ናት። አተሯ የምትቀመጠው ከምጣዱ 65 ሜትር ርቃ ነው።

ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት አሮጌ ምጣድ ተውሰን ከሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ሥር አስደገፍነው። አንድ ልጅ የሰናፍጭ ፍሬ ይዞ 25 ሜትር ተራመደ፤ ያ ሜርኩሪ ነው። ሁለተኛው አተር ይዞ 47 ሜትር ላይ ቆመ፤ ቬነስ ሆነ። ቬነስ ማለት ጎሕ ሳይቀድ የምናያት የአጥቢያ ኮከብ ናት፤ ኮከብ ግን አይደለችም፤ የምታበራው የፀሐይን ብርሃን መልሳ ነው። ከሜርኩሪ ይልቅ ከፀሐይ ርቃ ሳለ ከሜርኩሪ ይልቅ ትሞቃለች፤ ወፍራም አየሯ ሙቀቱን ስለሚይዝባት ፊቷ 460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በራሷ ዛቢያ አንድ ጊዜ ለመሽከርከር 243 ቀን ሲፈጅባት ፀሐይን ለመዞር የሚፈጅባት ግን 225 ቀን ብቻ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ በቬነስ ላይ ዕድሜ እንዴት እንደሚቆጠር ብዙ ተከራከሩ፤ እኛም አላቋረጥናቸውም።

ምድርን የያዘችው ልጅ 65 ሜትር ላይ ስትቆም ጨረቃን በእጇ ሰጠናት። ጨረቃ በዚህ ሒሳብ አንዲት የጤፍ ፍሬ ናት፤ ከአተሯ የምትርቀው አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። የሰው ልጅ እግሩ የረገጠው የሩቁ ቦታ ይህ ነው፤ ከአተር እስከ ጤፍ። ጤፏ ምጣዱን እንዴት ልትጋርድ ትችላለች ላለን ልጅ ጣቱን ወደ ዐይኑ አቅርቦ ራቅ ያለውን ሕንፃ እንዲሸፍን ነገርነው። ጨረቃ ከፀሐይ 400 ጊዜ ያህል ታንሳለች፤ ግን 400 ጊዜ ያህል ትቀርበናለች። ከሦስታችን አንዱ የላሊበላ አካባቢ ሰው ስለሆነ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጧት ያየውን ተረከላቸው። ጨረቃዋ በዚያ ቀን ፀሐይን ፈጽማ ለመሸፈን የሚያበቃ ቅርበት ስላልነበራት በዙሪያዋ የብርሃን ቀለበት ቀርቶ ነበር።

ማርስ 98 ሜትር ላይ አጥሩን ነካ። ጁፒተር ሎሚ ነው፤ ከበሩ ወጥቶ 335 ሜትር መሄድ ስላለበት ዘበኛው ከለከሉን። ሳተርን 620 ሜትር ገደማ፣ ኔፕቲዩን ደግሞ ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ለእርሱ ታክሲ መሳፈር ያስፈልጋል። ከፀሐይ ቀጥሎ ወደምትገኘው ኮከብ ለመድረስ በዚሁ ሒሳብ 17,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዋሽንግተን ደርሶ፣ ከዚያ ግማሹን መንገድ እንደ መመለስ ነው። «ታዲያ በመካከሉ ምን አለ?» አሉን። ባዶ ነው አልናቸው። ዝም አሉ። ሎሚውንም፣ አተሮቹንም፣ ሰናፍጩንም፣ ሁሉን ሰብስበን በሚዛን ብናደርግ ከምጣዱ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ የፀሐይ ቤተሰብ ክብደት ከመቶ 99.8 እጁ ፀሐይ ራሷ ናት። ሁሉን በዙሪያዋ አስራ የምታዞረውም በዚህ ክብደቷ ነው።

ፀሐይ ኮከብ ናት ማለቱ ከሁሉ ይልቅ አስቸገረን። ልጆቹ ኮከብ ማለት ትንሽ፣ የሌሊት፣ ቀዝቃዛ ነገር ነው ብለው ያምናሉ፤ እኛም እስከ ዘጠነኛ ክፍል ድረስ በልባችን እንደዚያው ሳናምን አልቀረንም። ነገር ግን ፀሐይ እንደ ማገዶ አትነድም። በመካከሏ ሙቀቱ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ይደርሳል፤ በዚያ ውስጥ በየሰኮንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ያህል ሃይድሮጂን ወደ ሂሊየም ይለወጣል፤ ከዚያ ውስጥ አራት ሚሊዮን ቶን ያህሉ ብርሃንና ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ስትኖር 4.6 ቢሊዮን ዓመት ያህል ሆኗታል፤ ገና ያንን የሚያህል ዘመን ይቀራታል። ከፊቷ የተነሣ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ከሃያ ሰኮንድ ያህል ይፈጅበታል። «እንግዲያው የምናየው የቅድሟን ነው» አለች በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጠች ልጅ። እጅግ ደስ አለን፤ አመሰገንናት። ይህችን ልጅ አስታውሱልን።

በሁለተኛው ቅዳሜ ተኩራርተን ገባን። ምዕራፉ ስለ ወቅቶችና ስለ ጥላ ነው። መጽሐፉ የዕኩለ ቀን ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን እንደሚወድቅ፣ በክረምት ፀሐይ ዝቅ ስለምትል ጥላው እንደሚረዝም፣ በበጋ ከፍ ስለምትል እንደሚያጥር ይናገራል። እንዳለ በሰሌዳው ላይ ጻፍነው። ያችው በሦስተኛው ረድፍ ያለችው ልጅ እጇን አወጣች፤

«ቲቸር፣ አሁን ግን ጥላው ወደ ወፍጮ ቤቱ ነው።»

ወፍጮ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ በስተደቡብ ነው። በስተሰሜን የሚታየው እንጦጦ ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ ሰሜንን ለማወቅ ሌላ ምልክት አያስፈልገውም። እኛ የምንለው ስለ ዕኩለ ቀን ነው፣ ስለ ጧት ወይም ስለ ማታ አይደለም አልናት። «በምሳ ሰዓት ነው፤ እማዬ ዕቃዋን ወደዚያ አዙራለች» አለች። ምን ለማለት እንደፈለገች አልጠየቅናትም። ፈገግ ብለን፣ «መጽሐፉ ከአንቺ ይበልጥ ሳያውቅ አይቀርም» አልናት። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። ይህን የተናገረው ከሦስታችን የትኛው እንደሆነ አንጽፍም፤ ሁለታችንም አብረን ፈገግ ብለናልና በደሉ የሦስታችን ነው። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ አልተከራከረችም። እርሳሷን አንሥታ በሰሌዳው ላይ ያለውን ገለበጠች። በመጨረሻ አምስት ጥያቄ ያለበት አጭር ፈተና ሰጠን። ጥላው ወደየት ነው ለሚለው ጥያቄ «ወደ ሰሜን» ብላ ጽፋ ነበር። እኛም ትክክል ብለን በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረግንላት።

ወደ ግቢያችን ስንመለስ በታክሲ ውስጥ ብዙም አልተነጋገርንም። ያቺ «ዕቃዋን ወደዚያ አዙራለች» ያለችው ቃል እንደ እሾኽ ተሰክታብን ነበር። በመጽሐፍ ያልተጻፈውን ነገር ልጅ ፈጥራ ብትናገር አንድ ነገር ነው፤ እናቷ ዕቃ የምታዞርበት ምክንያት ግን ምን ሊሆን ይችላል? ማክሰኞ ዕለት ከግቢው ጠባቂዎች የመጥረጊያ እጀታ ለመንን፤ አንድ ሜትር ላይ ቆርጠን በሣሩ መካከል ቀጥ አድርገን ተከልነው። ቱንቢ ስላልነበረን ቁልፍ በክር አንጠልጥለን ነው ቀጥ ማለቱን ያረጋገጥነው። በስልካችን ሰዓት ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጥላውን አየን። ወደ ሰሜን አይደለም። ወደ ደቡብም በትክክል አይደለም፤ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ መካከል አዘንብሏል። አንዳችን እንጨቱ ተጣሟል አለ። ሌላው መጽሐፉም ልጅቱም ተሳስተዋል አለ፤ ይህ ፍርድ ለጊዜው ሁላችንንም ደስ አሰኝቶ ነበር።

ከአጠገባችን ያለፈ አንድ የጂኦግራፊ ተማሪ ባያስቆመን ኖሮ በዚያው እንበታተን ነበር። ሰዓታችሁ የአዲስ አበባ ፀሐይ ሰዓት አይደለም አለን። የአገራችን ሰዓት የተስተካከለው በ45 ዲግሪ የምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ያለችው ወደ 39 ዲግሪ ገደማ ነው። ለአንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ ይታሰባል፤ ስለዚህ ፀሐይ በእኛ ላይ እኩለ ሰማይ የምትደርሰው ሰዓታችን ስድስት ካለ ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይታ ነው። ተቀመጥን። በየአምስት ደቂቃው በጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር አኖርን። ጥላው እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ ከስድስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ትንሽ ሲያልፍ ከሁሉ አጠረ፤ ከዚያ በኋላ መልሶ መርዘም ጀመረ። ያቺን አጭሯን ለካናት፤ ሃያ ሴንቲ ሜትር ያህል ናት። አቅጣጫዋም እንጦጦን በጀርባዋ ሰጥታ በቀጥታ ወደ ደቡብ ነው። ወደ ወፍጮ ቤቱ ማለት ነው።

ምክንያቱን ካወቁት ቀላል ነው፤ ምነው ቀድመን አስበነው በሆነ ያሰኛል። ምድር ፀሐይን ስትዞር ዛቢያዋ ቀጥ ያለ አይደለም፤ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ያዘነበለ ነው፤ ጫፉም ዓመቱን ሙሉ ወደ አንድ ወገን፣ ወደ ሰሜን ኮከብ ያመለክታል። ስለዚህ በሰኔ የምድር ሰሜናዊ ግማሽ ወደ ፀሐይ ይደፋል፤ በታኅሣሥ ይሸሻል። ፀሐይ በቀትር ልክ ከአናት በላይ የምትውልበት ስፍራ ከምድር ወገብ 23 ዲግሪ ተኩል ወደ ሰሜን፣ ያንኑ ያህል ወደ ደቡብ ሲመላለስ ይኖራል። ለንደን 51 ዲግሪ ላይ፣ ካይሮም እንኳ 30 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ መቼም አናታቸው ላይ አትደርስም፤ የቀትር ጥላቸው ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው። አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሄድ ሚያዝያ 5 ቀን ገደማ በአናታችን ታልፋለች፤ ስትመለስም ነሐሴ 24 ቀን ገደማ እንደገና ታልፋለች። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል በቀትር ያለችው በእንጦጦ በኩል ነው። ከሞያሌ እስከ ሑመራ፣ ቀኑ ይለያይ እንጂ ይህ የማይደርስበት የአገራችን ክፍል የለም።

እስከዚህ ድረስ ያለው የጂኦግራፊ ሰዎች ጉዳይ ነው። የእኛ ኀፍረት ሌላ ነው። ስለ ክረምት የሚናገረውን ዐረፍተ ነገር ደግመን ስናነብ ስሕተቱ የሥነ ፈለክ ሳይሆን የመዝገበ ቃላት መሆኑ ታየን። የመጀመሪያው ጸሓፊ «ዊንተር» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ለአገሩ ልጆችም ትክክል ነው፤ በእነርሱ ዊንተር ፀሐይ ዝቅ ትላለች፣ ጥላ ይረዝማል፣ በረዶ ይወርዳል። ተርጓሚው መዝገበ ቃላቱን ገልጦ «ክረምት» አለው። የእኛ ዘመነ ክረምት ግን ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል፤ በመግቢያው ፀሐይ ወደ ሰሜን የመጨረሻ ርቀቷ አጠገብ ናት፤ ዝቅ አላለችም፣ ከደመና በላይ ናት እንጂ። እንዲያውም ዝናቡን ወደ እኛ ስቦ የሚያመጣው አንዱ ምክንያት የእርሷ ወደ ሰሜን መውጣት ነው፤ የዝናቡ ቀበቶ ተከትሏት ይወጣል። በእኛ አገር የቀትር ጥላ ከሁሉ የሚረዝመው በታኅሣሥ፣ በደረቁ በጋ ነው፤ ያ የመጥረጊያ እጀታ በታኅሣሥ አጋማሽ ቢተከል 63 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። በዚያው ላይ ምድር ለፀሐይ ከሁሉ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሲሆን ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሁሉ የምትርቀውም በሰኔ መጨረሻ ገደማ፣ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ወቅት የመቅረብና የመራቅ ነገር አይደለም። እንግዲህ ቃል መመዘን ሙያችን ነው የምንል፣ ስለ ትርጉም ጥበብ ሃያ ገጽ ጽሑፍ ያቀረብን ሰዎች፣ አንዲት «ክረምት» የምትባል ቃል በእጃችን ላይ ስታልፍ ሳንይዛት ቀረን። የፊዚክስ ተማሪ ቢሳሳት ኖሮ ይቅር ይባል ነበር።

ሌላም አለ። ከሦስታችን አንዷ ባለፈው መንፈቅ ስለ መጽሐፈ ሄኖክ ተፈትና ጥሩ ውጤት አግኝታለች። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግዕዝ መሆኑን፣ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ መውሰዱን፣ የዓመቱን ቀን 364 አድርጎ መቁጠሩን ሁሉ ጽፋለች። በዚያ ውስጥ ፀሐይ በምሥራቅ ባሉ ስድስት በሮች እየተዘዋወረች እንደምትወጣ፣ በምዕራብ ባሉ ስድስት በሮችም እንደምትገባ ይነገራል። ይህን ለፈተና አጠናችው እንጂ አንድ ቀን እንኳ በመስኮት ወጥቶ ማየት እንደሚቻል አልመጣላትም። አሁን ግን ከመኝታ ቤቷ መስኮት ጧት ጧት ስትመለከት ፀሐይ የምትወጣበት ቦታ ቀን በቀን ወደ ግራ ሲገፋ ታያለች። ያን መጽሐፍ የጻፉት ሰዎች ስለ ምድር መዞር የነበራቸው ሐሳብ ከእኛ የተለየ ነበር፤ ዐይናቸው ግን ክፍት ነበረ።

በሦስተኛው ቅዳሜ የመጥረጊያ እጀታውን ተሸክመን ሄድን። ልጅቱ የለችም። ለቀሩት ልጆች የሆነውን ነገርናቸው፤ በሰሌዳው ላይ የጻፍነውን በራሳችን እጅ ሰረዝነው፤ ከስድስት ሰዓት በኋላም ሁላችንም ወጥተን ጥላውን ለካን። አርባ ልጅ በአንዲት ሃያ ሴንቲ ሜትር ጥላ ላይ ሲጋፋ ጥላው ራሱ እንደማይታይ ያን ዕለት ተምረናል። ርእሰ መምህሩንም መጽሐፉን እናርመው ዘንድ ጠየቅናቸው። መጽሐፉ በንብረት መዝገብ ላይ ያለ ስለሆነ ሊጻፍበት አይቻልም አሉ። ጥቂት ካሰቡ በኋላ ግን ወረቀት በመካከሉ ማኖር የተከለከለ አለመሆኑን ነገሩን። አኖርን።

ከዚያ ልጅቱን ፍለጋ ወጣን። ጓደኞቿ ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ እናቷን ስታግዝ እንደምትውል ነገሩን። ጉሊቱ ከወፍጮ ቤቱ መንገድ በላይ በአንድ የግንብ አጥር ሥር ነው። አጥሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ፣ ከፍታው ሁለት ሜትር ያህል የሆነ ነው። እናትየው በደቡቡ ወገን ተቀምጠው ነበር፤ ራሳቸው በጃንጥላ ሥር፣ ቲማቲሙና ጎመኑ ግን ግንቡን ተጠግቶ ክንድ በማትሞላ ጠባብ ጥላ ውስጥ በአንድ መሥመር ተደርድሯል። ልጅቱ ስታየን ተነሥታ ቆመች፤ ስለ መቅረቷ ልንቈጣት የመጣን መስሏታል።

«እትዬ፣ እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ የምናስተምራቸው ነን» ብለን ለእናትየው ጀመርን። መጀመሪያ ስለ ጥላው ጠየቅናቸው። «አሁንማ እዚህ ነው፤ ዳገት ፀሐይ ናት» አሉን፤ ወደ እንጦጦ በእጃቸው እያመለከቱ። «ከፋሲካ በኋላ ነው የምንዞረው። በገና፣ በጥምቀት ጊዜ በወዲያኛው ወገን ነን፤ ያን ጊዜ ጥላው ሰፊ ነው፤ ሰውም ያስቀምጣል። አሁን ለቲማቲሙ ብቻ ነው።» የስንት ዓመት ልማድ እንደሆነ ጠየቅናቸው፤ ልጅቱን ሳይወልዱ እዚሁ እንደነበሩ ነገሩን። ከዚያ ለልጅቱ፣ ባለፈው አንቺ ልክ ነበርሽ፣ እኛ ነን የተሳሳትነው፣ ለክፍሉም ነግረናል አልናት። እናትየው ነገሩን ከጠየቁና ከተረዱ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዳችሁ?» ብለው ሣቁ። ሣቃቸው የክፉ አልነበረም፤ ቢሆንም ተሰምቶናል።

ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ስትሰማ ቆይታ፣ «ፈተናው ላይ ግን ሰሜን ብዬ ነው የጻፍኩት» አለች። አውቀናል አልናት። «ታዲያ ትክክሉ ይሰረዛል?» አለችን። ምን እንደምንመልስ ለጊዜው ጠፋን። ከአምስቱ አራት ሊሆንባት ነው፤ ደግሞ ያን መልስ ያስጻፍናት እኛው ነን። እንዳይሰረዝ ተስማማን፤ እርሷ ግን በዚህ ደስ ያላት አልመሰለንም።

ሁለት ኪሎ ቲማቲም ገዛን። ልንሄድ ስንል ጥላ ጨርሶ የሚጠፋበት ቀን አለ ወይ ስትል ጠየቀችን። ነሐሴ 24 ቀን ገደማ በቀትር፣ ግንቡ በዚህም በዚያም ወገን ጥላ አይኖረውም አልናት። «ነሐሴ ዝናብ ነው፤ ምን ፀሐይ አለና» አሉ እናትየው። ልጅቱ በጣቷ ቆጠረች። «ሌላኛው ቀንስ?» አለች። ሚያዝያ 5 ቀን ነበር። ያን ዕለት ሰማዩ ጥርት ያለ እንደነበር እርሷ ታስታውሳለች፤ እኛ በዚያ ሰሞን የመንፈቅ አጋማሽ ፈተና ላይ ስለነበርን ቀና ብለን አላየንም።